ከመቃብር ላይ የታጨደው ሳር

በዓል የሚባል ነገር አንገሽግሾኝ ነበር። ሰው በዓል ሲደርስ ደስ የሚለው ስለሚያርፍ ነው፤ እኔ ግን በዓል በደረሰ ቁጥር ሥራ ይጨመርብኝ ነበር። ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ቤት ስሆን የቀበሌው ሰልፍ አለ፤ ያልወጣ ሰው ስኳር አያገኝም። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ሥራዬ ቦታ ስደርስ ደግሞ የኮሪያዎቹ በዓል ይጠብቀኛል።

ኮሪያዎቹ የምላቸው ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ቦርከና ዳር ላለ የመንግሥት እርሻ የውሃ መሳቢያ ሊተክሉ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ይኖሩ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖብኝ፣ እዚያ በጽዳትና በወጥ ቤት ረዳትነት ተቀጠርኩ። የኮምቦልቻ ሰው በጅምላ «ቻይናዎቹ» ይላቸዋል። እናቴ ግን የሚያሳስባት ሌላ ነበር።

«እነዚህ የትኞቹ ናቸው? የረዳናቸው ናቸው የተዋጋናቸው?»

«የተዋጋናቸው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ውሃ ሊስቡ።»

«ድንቄም!» አለች። ጎረቤታችን የኮሪያ ዘማች ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች ከመጡ ወዲህ ሜዳሊያቸውን ከግድግዳ አውርደው የት እንዳደረጉት ማንም አያውቅም።

የኮሪያዎቹ በዓል ብዙ ነው። ሚያዝያ ላይ የመሪያቸው ልደት ይከበራል። ሳሎኑ ውስጥ የተሰቀለው የመሪያቸው ፎቶግራፍ ለብቻው መጥረጊያ ነበረው፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፤ በሱ ሌላ ነገር መንካት ክልክል ነው። ነሐሴ ላይ ከጃፓን ነጻ የወጡበት ቀን አለ። ጳጉሜ ላይ መንግሥታቸው የቆመበት። በሁሉም ላይ ቡድን መሪያቸው ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ፣ እኔም ትሪ ይዤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ምኑም ሳይገባኝ አብሬ አጨበጭባለሁ። ከዚያ ብርጭቆ አጥባለሁ። የእኛው እንቁጣጣሽና የአብዮት በዓል ሲከተል ገና እጄ አልደረቀም።

አንድ በዓል ግን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ አልተጻፈም ነበር። እሱን የነገረኝ ሽማግሌው ነው።

ሽማግሌው የሞተር ጠጋኝ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የገፋ፣ ከሁሉም የተሻለ አማርኛ የሚያውቅ። የተሻለ ስል ግሡን ሳያረባ፣ ቃል በቃል ላይ እየወረወረ ማለቴ ነው። ቡድን መሪው በሌለበት ሰዓት ወጥ ቤት ገብቶ፣ እኔ ድንች ስልጥ ዱካ ላይ ይቀመጥና ያወራኛል። እናቱ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታይ ነበረች። በጸደይ፣ ቡድሃ በተወለደበት ቀን፣ ከወረቀት ፋኖስ ሠርታ፣ የሞቱ ዘመዶቿን ስም ጽፋበት፣ ተራራ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ትሰቅለው ነበር።

«አሁንስ?» አልኩት።

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠረገው። «አሁን የለም።»

የቀረው በዓል ቹሶክ የሚሉት ነው። «ጨረቃ ሙሉ» አለኝ። «አዝመራ። ሰው ሁሉ መቃብር ይሄዳል። ሳር ይቆርጣል። ምግብ ያደርጋል። ሁለት ጊዜ ይሰግዳል።» ይህን መንግሥታቸውም አልከለከለም፤ ግን ንግግር የለበትም፣ ጭብጨባ የለበትም። ደስ አለኝ። ብርጭቆ የሌለው በዓል መስሎኝ ነበር።

መቃብር ሲል የትኛውን እንደሆነ አውቃለሁ። ካቻምና ኅዳር ላይ አንድ በያጅ ልጅ ወባ ገደለባቸው። ልጁ የሽማግሌው የመንደር ልጅ ነው፤ አብረው ነው የመጡት። ሬሳው ወደ አገሩ አልተላከም። ቤተ ክርስቲያን እንዳይቀበር አልተጠመቀም ተባለ። ይህን ነገር እኛ ቤት እናውቀዋለን። አባቴ ሹፌር ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ሲሞት ቄሶቹ «ጴንጤ ነው» ብለው መለሱት። ሬሳ ይዘን መንገድ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ሼህ መጡና «መሬቱ የአላህ ነው፤ አግቡት» አሉ። ከሙስሊሞቹ መቃብር ጫፍ፣ ቅንጭብ አጥሩ ሥር፣ የሚቀብረው ያጣ ሁሉ የሚገባበት አንድ ጥግ አለ። የእንግዳ ጥግ ይሉታል። አባቴም እዚያ ነው፣ ኮሪያዊውም ልጅ እዚያ ነው። ከሌላው ቀብር የሚለየው አንድ ረድፍ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ጥቅምት ላይ አገሩ ሊመለስ ነው። «የልጁ እናት ትጠይቃለች» አለኝ ያን ቀን። «በር ላይ ትመጣለች። ቹሶክ ቀን ሄድክ? ሳር ቆረጥክ? ሰገድክ? ትላለች።» ከዚያ ድንቹን አንስቶ ተመለከተው። «እኔ ምን እላለሁ?»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሑድ፣ ሳሩን ከበዓሉ አስቀድሞ ሊያጭድ፣ ከአትክልተኛው ማጭድ ተውሼለት አብረን ሄድን። ሳሩ ከጉልበት በላይ ሆኗል። እሱ ጃኬቱን አውልቆ ማጨድ ጀመረ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ አባቴ ራስጌ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ስለከረምኩ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል! የልጁን አጨደ። የአባቴን አጨደ። ከዚያ ድንጋዩን ተሻግሮ ቀጥሎ ያለውን ቀብር፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ያዘ። በአገራቸው የጎረቤትን መቃብር ዘሎ የራስን ብቻ ማጨድ ነውር መሆኑን ኋላ ነው የነገረኝ። እኔማ ሰውየው ማጭዱ ተስማምቶት ነው ብዬ ነበር።

ጀሪካን አዝላ በአጥሩ ውጭ የምታልፍ አንዲት ሴትዮ ጮኸች።

«ኡ! ኡ! ኧረ የአላህ ያለህ! ልጄን ላጩት!»

ጀሪካኑ ከጀርባዋ ወርዶ ሲንከባለል ሰማሁት። እስክንቀሳቀስ ድረስ አጥሩ አጠገብ ሰው ሞላ። ሽማግሌው ማጭዱን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ሰላምታ የሰጡት መስሎት ነው መሰለኝ፣ እጅ ነሳ።

ሼሁን ጠርተው አመጧቸው። መጀመሪያ እኔን ነው ያዩት።

«አንቺ የሹፌሩ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ አባ።»

«ምን እያሠራሽው ነው?»

«እያጸዳ ነው።»

«ቀብር ይጸዳል? ቀብር ቆሻሻ ነው?»

ሴትዮዋ በሳቅ ይሁን በለቅሶ በማይለይ ድምፅ አቋረጠችን። «ሼሁ፣ ያ ሳር እርጥብ እስከሆነ ለልጄ ተስቢህ ያደርግለት ነበር! ቀንም ሌሊትም አላህን ያወሳለት ነበር! ይኸው ነጭቶ ጨረሰው፤ ይኸው ራቁቱን አስቀረው!»

ይህን አላውቅም ነበር። አባቴ እዚያ ከተቀበረ ጀምሮ ስመላለስ ሙስሊሞቹ ሳሩን የማይነኩት ሰንፈው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አውቀው ነው የሚተዉት።

ለሽማግሌው በቀስታ ነገርኩት። ሳር፤ ጸሎት፤ እርስዎ ቆረጡ። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ራሱን ሊያስረዳ ፈለገ፤ ባይፈልግ ይሻል ነበር።

«በእኛ አገር» አለ ለሼሁ፣ «ሳር ረጅም ከሆነ፣ ይህ ሰው፣ ሰው የለውም ማለት። ልጅ የለው። እናት የለው። አሳፋሪ።»

«ምን አለ?» አለች ሴትዮዋ።

«ምንም አላለም» አልኩ።

«ሰው የለውም አለኝ? እኔ እናቱ እዚህ ቆሜ? ለልጄ ሰው የለውም?»

«እትዬ፣ ስለ አገሩ ነው የሚያወራው።»

«ስለ አገሩ ከሆነ አገሩ ሄዶ ያውራ! ስሚ አንቺ ልጅ፤ ሳሩ እንደነበረ እስኪሆን ይህ ሰውዬ እግሩን እዚህ አያሳርፍ። ወላሂ፣ በያዘው ማጭድ ነው የምቀበለው!»

ሼሁን አየኋቸው። ጺማቸውን ያዝ አድርገው መሬት መሬት አዩ። «ሐቋ ነው» አሉ። «ልጇ ነው። እኔ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

በመንገድ ስንመለስ ሽማግሌው ማጭዱን በጃኬቱ ጠቀለለው። ከዚያ «ቹሶክ?» አለኝ።

«የለም።»

«ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ብቻ። አንድ ቀን ብቻ።»

«የለም አልኩዎት እኮ! ሳሩ ሲበቅል ነው የተባለው። የሚበቅለው በሚቀጥለው ክረምት ነው። እርስዎ ጥቅምት ላይ ይሄዳሉ። በቃ!»

እንደዚያ መናገሬ ከክፋት አይደለም፤ ደክሞኝ ነበር። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሲጠፋ ግን ደነገጥኩ። ቦርከና ዳር አገኘሁት፤ አካፋ ይዞ ሰርዶ ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ዳቦ እየቆረሰ ያነሳል። ሰርዶ ቶሎ የሚይዝ ሳር ነው፤ ማን እንደነገረው አላውቅም። ጆንያ ሞልቶ ተሸክሞ ወደ መቃብሩ ሄደ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግሩን እንዳያሳርፍ ተከልክሏል። ጆንያውን አስቀመጠና እኔን አየኝ።

«ኧረ በፈጠረዎት» አልኩት።

«አንቺ ትችያለሽ።»

እናም የሰው ልጅ መቃብር ላይ ሳር ተከልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ። እሱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ «ግራ! ተጫኚ! ውሃ! ውሃ!» እያለ ያዝዘኛል። ሴትዮዋም መጣች። አላባረረችኝም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ጀመር።

«እሱ አለቃ፣ አንቺ ኩሊ» አለችኝ።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እርስዎ አይገባም አሉ።»

«በእግርሽ ተጫኝው እንጂ! በእጅ ይያዛል ብለሽ ነው? ገበሬ አይተሽ አታውቂም?»

«የሆጤ ልጅ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ማታ ማታ ይህ ነበር ሥራዬ። ቀን ቀን ደግሞ ማረፊያ ቤቱን አጽድቼ ስጨርስ የአብዮት በዓል ልምምድ አለ። የማረፊያ ቤቱ ሠራተኞች ከከተማው ሴቶች ጋር ተሰልፈን በፀሐይ እንመላለሳለን፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ዙሪያ ዙር። አሰልጣኙ ካድሬ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ አየና «ጓዲት፣ ይህ ምንድነው?» አለኝ።

«እርሻ ነው።»

«ለምርት ዘመቻ?»

«አዎ» አልኩ። ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

ጨረቃዋን ሽማግሌው በየማታው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከታተላት ነበር። በየቀኑ ወፈር ስትል እሱ ክስት ይላል። ደርሳ የምትሞላው ልክ መስከረም ሁለት፣ በአብዮት በዓል ቀን ሆነ። ያን ቀን ደግሞ ኮሪያዎቹ የክብር እንግዶች ናቸው፤ ከመድረክ መጥፋት አይቻልም። እንኳን እሱ እኔም አልችልም።

ሰርዶው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። «ሞተ» አለች ሴትዮዋ፣ ግን ደስ አላላትም። ሽማግሌው ከአጥሩ ወዲያ ቁጢጥ ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ትቼ ደሴ ተመልሼ ብተኛ ነበር ምኞቴ። የማንም እናት፣ የማንም ልጅ በሌለበት ተኝቼ ብውል። በማግሥቱ ስመጣ ግን አፈሩ እርጥብ ነው።

«እትዬ፣ አጠጡት እንዴ?»

«ምን በወጣኝ? ዘንቦ ነው።»

«የት ዘነበ? ከተማው አቧራ ነው።»

«እዚህ ብቻ ዘነበ!» አለችና ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ባዶ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ሽማግሌው ወጥ ቤት ገብቶ የሩዝ ዱቄት አቦካ። ውስጡ የተወቀጠ ሰሊጥ እያደረገ እንደ ግማሽ ጨረቃ አጠፈው፤ በአገራቸው በጥድ ቅጠል ላይ በእንፋሎት ነው የሚበስለው አለኝ፣ እኔም ከግቢው ጥድ ቆርጬ አመጣሁለት። ቡድን መሪው በሩ ላይ መጥቶ ቆሞ አየ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። በቋንቋቸው ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩና ሄደ።

«እስከ እራት» አለኝ ሽማግሌው። «ፈቀደ። እስከ እራት።»

መስከረም ሁለት ጎሕ ሳይቀድ ተሰለፍን። ንግግሩ አላልቅ አለ። የተዋስኩት ጫማ ተረከዜን ልጦታል። ኮሪያዎቹ ጥላው ሥር፣ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ተራ በተራ እየተነሱ ያጨበጭባሉ። ሽማግሌው ከሁሉ ኋላ ነው የሚነሳው። ከቀትር በኋላ ዘግይተን ተበተንን። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መድረስ ስላለብን ሮጥን ማለት ይቻላል፤ እሱ በጥቁር ሱፍ፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ።

ሼሁና ሴትዮዋ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ሼሁን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ያለ እሳቸው አይሆንም ብዬ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የልጇ መቃብር ላይ ያለውን ሰርዶ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። አልተነቀለም። ሌላ ቦታ ሳበች። አልተነቀለም።

«ይግባ» አለች፣ እኛን ሳታይ።

«ቆይ» አሉ ሼሁ። «ገብቶ ምን ምን ያደርጋል?»

«ምግብ ያስቀምጣል» አልኩ። «መጠጥ ያፈሳሉ በአገራቸው፤ ግን አይሆንም ብዬው ውሃ ነው የያዘው።»

«ደግ አደረግሽ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ይሰግዳል።»

«ለማን?»

አፌ ላይ የመጣውን ነገርኳቸው። «ለልጁ።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ለሞተ ሰው? በዚህ መሬት ላይ? ልጄ፣ አባትሽን አስገባሁ፤ ያንንም ልጅ አስገባሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ይህን ግን እዚያ ስሄድ እጠየቃለሁ። ስግደት ለአላህ ብቻ ነው። እናንተስ ጋ ይፈቀዳል?»

«እኛም ጋ አይፈቀድም» አልኩ። እናቴ ብትሰማ ለሦስት ቀን ትጾምልኝ ነበር።

ሽማግሌው ሳህኑን እንደያዘ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። የገባው ይመስለኛል። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ናት። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ፤ ደግሞም እግሬ ይደማ ነበር።

«አባ፣ እኔ ስለ ሃይማኖቱ አላውቅም። ሰውየው አገሩ ሲገባ የልጁ እናት በር ላይ ትጠብቀዋለች። ሰገድክለት ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። አልሰገድኩም ሊላት ነው። ይኸው ነው ነገሩ።»

ሴትዮዋ ከተጎነበሰችበት ቀና አለች። «የማን እናት?»

«የዚህ የሟቹ። የኮሪያው ልጅ።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

ወደ ልጁ መቃብር አየች። እስከዚያች ቀን ድረስ አይታው የምታውቅ አይመስለኝም፤ ዘላው ነበር የምታየው። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካክላ ሼሁን ክንዳቸውን ያዘች።

«ሼሁ፣ እንዙር።»

«ምን?»

«ፊታችንን ወደ መንገዱ እናዙር። ያላየነውን ማን ይጠይቀናል?»

«አላህ ያያል እንጂ፣ አንቺ ሴት!»

«እሱማ ይይ። እሱ የእናት ነገር ያውቃል። እኛ ግን እንዙር።»

ሼሁ የሽማግሌውን ሳህን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር በአረብኛ በሹክሹክታ ብለው፣ በትራቸውን ተክለው፣ ቀስ ብለው ዞሩ። ሴትዮዋም ዞረች። እንደቆምኩ ስታየኝ ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። ሦስታችን ጎን ለጎን ቆመን የኮምቦልቻን መንገድ ማየት ጀመርን። ከሰልፉ የሚመለሱ ልጆች ባንዲራ እያውለበለቡ ያልፉ ነበር።

ከኋላችን አጥሩን አልፎ ሲገባ ሰማሁ። ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። ውሃ ሲፈስ። ከዚያ ጉልበት መሬት ሲነካ፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም።

«ጨረሰ?» አሉ ሼሁ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ።

«እኔ ምን አውቄ? እኔም ዞሬያለሁ።»

«አንቺ እንኳ ዞር ብለሽ እይ፤ ጴንጤ አይደለሽ?»

«አይፈቀድልኝም አልኩዎት እኮ አባ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሳይዞሩ ጮክ ብለው ጠየቁ።

«ጌታው! ጨረስክ?»

«አንድ ቀረ» አለ ሽማግሌው ከኋላችን።

አንድ ቀረ። እኔም አንዱን እግሬን አንስቼ በሌላው ላይ አሳርፌ፣ ሴትዮዋን ተደግፌ፣ ቆምኩ።